አቶ ይድነቃቸው ተሰማና የ1954ቱ ዋንጫ

የእግር ኳስ አሠልጣኝ ታላቅነት በዋንጫው ብዛት ይመዘን የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ በዋንጫ ውስጥ የተጫዋቹም፣ የሜዳውም፣ የዕድሉም ድርሻ ስላለበት፣ የአሠልጣኙን ሥራ ከዚህ ሁሉ ለይቶ ለማየት የሚሻ ሰው ቡድኑ በመከራ ሰዓት ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባዋል። ለዚህም ምርመራ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ካነሣችበት ከጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የተሻለ ዕለት በታሪካችን አላገኘሁም።

ግብፅ በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ካይሮ ላይ ያንኑ ውጤት ደግማዋለች። ስለዚህ ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ ሲሰናዳ ቡድኑን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተረከቡት ተጫዋቾችን ብቻ ሳይሆን የሁለት ሽንፈት ትዝታንም ጭምር ነበር። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ የሆኑት እኚህ ሰው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ብዙ ዘመን የተጫወቱ፣ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ምሥረታም ኢትዮጵያን የወከሉ ስለ ነበሩ፣ የተጫዋቹን ድካም ከራሳቸው ሰውነት ያውቁት ነበር።

የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ኢጣሊያዊ የሆነ ሰው ነበር። አገሪቱ ከኢጣሊያ ወረራ ነጻ ከወጣች ገና 21 ዓመት ብቻ በሆነበት ዘመን እንዲህ ያለ ስም የያዘ ሰው ቡድኑን መምራቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከቱኒዚያ ጋር የተደረገው ጨዋታ በእኛ 4 ለ 2 አሸናፊነት ተጠናቆ ፍጻሜው ሲደርስ፣ በጥምቀት ማግሥት ሰሞን በሞላው ስታዲየም ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ ቀደመች። የእኛ ልጆች ተጋድለው በ74ኛው ደቂቃ አቻ ቢሆኑም፣ ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ዳግመኛ ተመሩ። እውነተኛው ፈተና ይህ ነው፤ በዚያች ቅጽበት አሠልጣኙ ከሜዳው ዳር ሆኖ ወደ ማንም ልብ ሊገባ አይችልም፤ የሚሠራው አስቀድሞ ያሳደረው ተግሣጽና እምነት ብቻ ነው። ሉቺያኖ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ቀጥሎም መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ፤ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን ለአምበሉ ሰጡ።

ውድድሩ የ4 አገሮች ብቻ እንደ ነበረ፣ በራሳችን ሜዳም እንደ ተደረገ አልክድም፤ ኢትዮጵያም ያንን ዋንጫ ዳግመኛ አላገኘችም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ያልተሰበረ ቡድን በሕዝብ ጩኸት ብቻ አይሠራም። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ በታላቅ ጽናት ሲቃወሙ ኖሩ። ያሠለጠኑት መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በ1974 ዓ.ም. በፈንታው አሠልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን ወደ ሊቢያው የአፍሪካ ዋንጫ መራ፤ ይህንንም እኔ ከዋንጫው ጎን አስቀምጬ እመዝነዋለሁ።