ለማዳን ማቁሰል፦ የልብ ምት መዛባትን በአልኮል የማከም ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ባለፈው ዓመት በክፍል ውስጥ የቀረበልኝ አንድ ጥያቄ ነው። በልብ ደም ቅዳ ቧንቧ በኩል አልኮል በመርጨት የልብ ምት መዛባትን ስለማከም ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ «የተተወ ሕክምናን ለምን እንማራለን?» ሲል ጠየቀኝ። በዕለቱ የሰጠሁት መልስ እኔንም አላረካኝም። ዛሬ የተሻለ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ችግሩን እንመልከት። የልብ ደም ቅዳ ቧንቧ ተዘግቶበት ከሞት የተረፈ ሰው በልቡ ጡንቻ ላይ ጠባሳ ይቀርበታል። በጠባሳው መካከል በሕይወት የተረፉ ቀጫጭን የጡንቻ ዘለላዎች የኤሌክትሪክ ምልክትን በዝግታ ስለሚያስተላልፉ፣ ምልክቱ በዚያው ስፍራ እየተመላለሰ ሊዞር ይችላል። በዚህ ጊዜ የታችኛው የልብ ክፍል ከመጠን በላይ ይፈጥናል፤ አንዳንዴም ድንገተኛ ሞት ይከተላል።

በ1980ዎቹ ሐኪሞች የነበሯቸው አማራጮች ጥቂቶች ነበሩ። ሚሼል ሚሮውስኪና ባልደረቦቹ የፈጠሩት በሰውነት ውስጥ የሚቀበር የንዝረት መሣሪያ በ1980 በጆንስ ሆፕኪንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ተተክሏል፤ ነገር ግን መሣሪያው የተነሣውን መዛባት ያቆማል እንጂ ምንጩን አያጠፋም። ደረትን ከፍቶ ጠባሳውን ቆርጦ ማውጣት ለደከመ ልብ ከባድ ነበር። በመድኃኒት ላይ የነበረው እምነትም በ1989 ክፉኛ ተናጋ። ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉት መድኃኒቶች የተዛባውን ምት ቢቀንሱም፣ ከልብ ሕመም ባገገሙ ሰዎች ላይ ሞትን እንደጨመሩ አንድ ትልቅ ጥናት አሳየ።

አዲሱ ሐሳብ የተነሣው ከአንድ ቀላል እውነት ነው። ማንኛውም ጡንቻ የሚኖረው በሚደርሰው ደም ነው፤ ስለዚህ ምልክቱ የሚዞርበት ጡንቻም የሚመግበው ደም ቅዳ አለው። ያ ቅርንጫፍ ከተደረሰበት የመዛባቱን ምንጭ ማድረቅ ይቻላል ማለት ነው። በ1987 ኢኖዌ፣ ዎለርና ዛይፕስ በአሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ በውሾች ላይ ይህንን ሞከሩ፤ በደም ቅዳው በኩል የተረጨ አልኮል ወይም ፌኖል በመርዝ የተቀሰቀሰውን የምት መዛባት አጠፋ። በ1989 ደግሞ ፔድሮ ብሩጋዳ፣ ሃይን ቬለንስና ባልደረቦቻቸው በኔዘርላንድ ማስትሪኽት ሦስት ሕሙማንን በዚሁ መንገድ ማከማቸውን አሳተሙ።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። ሐኪሙ ቀጭን ካቴተር ወደተጠረጠረው ቅርንጫፍ ካስገባ በኋላ፣ በመጀመሪያ በበረዶ የቀዘቀዘ የጨው ውሃ ይረጫል። መዛባቱ ለጊዜው ከቆመ ቅርንጫፉ ትክክለኛው ነው፤ ካልቆመ ሌላ ይፈለጋል። አልኮሉ የሚረጨው ከዚህ ፈተና በኋላ ብቻ ነው። አልኮል የሕዋሳትን ውሃ ይመጥጣል፣ ፕሮቲናቸውን ያረጋል፣ ቧንቧውንም ይዘጋል። በሌላ አነጋገር፣ በጡንቻ ሞት የመጣ በሽታ ሆን ተብሎ በሚፈጠር ሌላ ትንሽ የጡንቻ ሞት ይታከማል።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። አልኮሉ ወደኋላ ተመልሶ ጤነኛ ጡንቻ ሊጎዳ፣ ከላይኛው ወደ ታችኛው የልብ ክፍል የሚወርደውን ምልክትም ሊያቋርጥ ይችላል። አንዴ ከተረጨ መመለሻ የለውም። በ1991 ዋረን ጃክማንና ባልደረቦቹ በተፈጥሮ የተረፉ የምልክት ማለፊያዎችን በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ማጥፋት እንደሚቻል በስፋት ሲያሳዩ፣ ነጥብ በነጥብ የሚሠራውና በተፈለገ ጊዜ የሚቆመው ይህ ስልት አልኮልን ወደ ዳር ገፋው።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1994 ኡልሪክ ሲግቫርት ለንደን በሚገኘው ሮያል ብሮምፕተን ሆስፒታል አልኮልን ለሌላ ዓላማ አዋለው። የልብን ግራና ቀኝ የሚለየው ግድግዳ ወፍሮ የደም መውጫን ሲያጠብ፣ የግድግዳውን ቅርንጫፍ በአልኮል ዘግቶ ጡንቻውን አሳሳው። ይህ ሕክምና ዛሬም ይሠራበታል። የሚገርመው፣ ለምት ሕክምና የታሰበው ዘዴ እዚህ ላይ ራሱ ምትን ሊያውክ ስለሚችል፣ አንዳንድ ሕሙማን ፔስሜከር ያስፈልጋቸዋል።

ቀጥሎ አልኮል ወደ ምት ሕክምና የተመለሰው በደም መልስ በኩል ነው። እንግሊዛዊው የአናቶሚ ሊቅ ጆን ማርሻል በ1850 የገለጻት ትንሽ ደም መልስ ከላይኛው የልብ ክፍል መዛባት ጋር ግንኙነት አላት። በሂውስተን ሚጌል ቫልደራባኖና ባልደረቦቹ አልኮልን በእርሷ በኩል ረጩ። በ2020 የታተመው፣ 343 ሕሙማንን ያሳተፈው ጥናታቸው፣ ከተለመደው ሕክምና ጋር አልኮል ከተጨመረላቸው 49.2 በመቶው፣ ካልተጨመረላቸው ደግሞ 38 በመቶው ከመዛባቱ ነጻ ሆነው መቆየታቸውን አሳይቷል። ልዩነቱ እውነተኛ ቢሆንም፣ አልኮል ከተጨመረላቸውም ግማሽ ያህሉ እንዳልተፈወሱ መዘንጋት የለበትም። የደም ቅዳው መንገድም ቢሆን ሙቀት በማይደርስበት ጥልቅ ጡንቻ ላይ ዛሬም እንደ መጨረሻ አማራጭ ያገለግላል።

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ ልመለስ። «የተተወ» የምንለው ሕክምና ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ቦታውን ገና ያላገኘ ነው። ያም ሆኖ የቆየ ሁሉ ይመለሳል ማለቴ አይደለም፤ እነዚያ ሁለት መድኃኒቶች ለእነዚያ ሕሙማን አልተመለሱም፣ ሊመለሱም አይገባም። ልዩነቱን የሚያሳየን ማስረጃ ብቻ ነው። የማስትሪኽት ሐኪሞች ያወረሱንም ትልቁ ነገር አልኮሉ አይመስለኝም፤ ከእርሱ በፊት የረጩት ቀዝቃዛ ውሃ ነው። የማይመለስ ነገር ከማድረጋቸው በፊት የሚመለሰውን ሞከሩ። ልብን ለማዳን ልብን የሚያቆስል ሐኪም ይህንን ልማድ ካልያዘ፣ የእጁ ጥበብ ሕመምተኛውን አይጠብቀውም።