«ዝቅተኛ ቅድሚያ» ማለት ባትሪ አይበላም ማለት አይደለም

ጉለሌ ሽሮ ሜዳ አካባቢ መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ ላፕቶፕ ከፍቶ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ቀጥታ የሚሄደው ባትሪው ላይ ነው። «ምንም አልከፈትኩም እኮ!» ትላላችሁ፤ ግን ከጀርባ የሚሠራ ነገር ሊኖር ይችላል። ዛሬ እሱን እናያለን።

ለምሳሌ ቦይንክን እንውሰድ። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሠሩት ነጻ ፕሮግራም ነው፤ የላፕቶፓችሁን ትርፍ ጉልበት ለሳይንስ ምርምር ያውሳል። የሚሠራው በዝቅተኛ ቅድሚያ ስለሆነ፣ እናንተ ስትጽፉ ወይ ፊልም ስታዩ ወረፋውን ይለቅላችኋል።

ችግሩ ምንድነው? ወረፋ መልቀቅና ኃይል መቆጠብ ለየቅል ናቸው። ፕሮሰሰሩ ሥራ እስካገኘ ድረስ፣ ሥራው ዝቅተኛ ቅድሚያ ቢሆንም ፍጥነቱን ይጨምራል። ከዚያ ይሞቃል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪው ይወርዳል።

ምን እናድርግ?

1. ቦይንክ ሴቲንግ ውስጥ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሆን ሥራው እንዲቆም የሚያደርገው ምርጫ መመረጡን አረጋግጡ።

2. እዚያው፣ ከፕሮሰሰሩ ኮሮች 50% ብቻ እንዲጠቀም አድርጉ። ቻርጅ ላይ እያለም ሙቀቱ ይቀንሳል።

3. ዊንዶውስ ከሆነ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ ግቡ። «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት»ን ከ100% ወደ 99% አውርዱት። 1% ብቻ ትመስላለች፤ ግን በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቱርቦ የሚባለውን ተጨማሪ ፍጥነት ታጠፋለች። ለባትሪና ለቻርጅ ለየብቻ ይሞላል። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን ይህ ምርጫ አይታይም።

የመመረቂያ ጽሑፉን ነገ ለሚያስረክብ ልጅ፣ መብራት ሲጠፋ የምትተርፍ ግማሽ ሰዓት ቀላል አይደለችም። ላፕቶፕ ላለው ጓደኛችሁ ላኩለት።