በካንሰር ለታመሙና ሕክምናቸውን ለጨረሱ ወጣቶች የአእምሮ ጤና ድጋፍ

ካንሰር በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ሲመጣ የሚያቋርጠው ብዙ ነው፦ ትምህርት፣ ሥራ፣ ጓደኝነት፣ ፍቅር። ከቤት ወጥቶ ራሱን ሊችል የነበረ ልጅ ተመልሶ በእናቱ እጅ የሚታጠብና የሚጎርስ ይሆናል። ማዘን፣ መፍራት፣ መናደድ የሚጠበቅ ነው፤ የእምነት ማነስ ወይም የባሕርይ ድክመት አይደለም። አንዳንዱ ስሜት በቤተሰብና በወዳጅ ድጋፍ ይቀላል፤ አንዳንዱ ግን እንደ ሕመሙ ሁሉ ሕክምና ይፈልጋል።

በሽታውን ከታማሚው መደበቅ

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ለታማሚው የበሽታው ስም አይነገረውም። “ተስፋ ይቆርጣል” ተብሎ ይፈራል፤ ሐኪሙም እንዳይነግረው ይለመናል። ይህ የሚደረገው ከፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ምስጢሩ ብዙ ጊዜ አይጠበቅም። ልጁ ፀጉሩ ሲረግፍ ያያል፣ በክፍሉ በር ላይ የተጻፈውን ያነባል፣ የመድኃኒቱን ስም በስልኩ ይፈልጋል። ካወቀም በኋላ እናና አባቱን ላለማስጨነቅ ያላወቀ ይመስላል። ሁሉም አንዱን ፍርሃት ለየብቻው ይሸከማል ማለት ነው። ትንንሽ ልጆች ሲደበቅባቸው ደግሞ “ስላጠፋሁ ነው የታመምኩት” ብለው ሊያስቡ ይችላሉ።

መንገር ማለት ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን መዘርገፍ አይደለም። መጀመሪያ የሚያውቀውን ይጠይቁት፦ “ስለ ሕመምህ ምን ሰማህ?” ከዚያ የበሽታውን ስም፣ የሚሰጠውን ሕክምናና ቀጥሎ የሚሆነውን በቀላል ቃል ይንገሩት። ለሕፃን ልጅ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍና ብቻውን እንደማይተውት ይንገሩት። “እሞታለሁ?” ብሎ ቢጠይቅዎት “እንዲህ አይባልም” ብለው አይዝጉት። ምን ሰምቶ ወይም ምን አይቶ እንደጠየቀ ያድምጡ፣ ሐኪሞቹ እያደረጉ ያሉትን ይንገሩት፣ አዲስ ነገር ሲኖር እንደማይደብቁት ቃል ይግቡለት። ብቻዎን መናገር ከከበደዎት ሐኪሙ ወይም ነርሷ ባሉበት ያድርጉት።

“አይዞህ” ጥሩ ቃል ነው። ልጁ ገና መናገር ሲጀምር ከመጣ ግን አፉን ይዘጋዋል፤ ጨርሶ ከተናገረ በኋላ ቢባል ይሻላል።

ስሜትን የሚለውጡ መድኃኒቶች

አንዳንዴ ለውጡ የሚመጣው ከመድኃኒት ነው፤ ይህን ባለማወቅ ልጅ የሚቆጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። ለደም ካንሰር የሚሰጡት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን እንቅልፍ ሊነሱ፣ ሊያነጫንጩ፣ ሊያስለቅሱ፣ ከመጠን በላይ ሊያስርቡ ይችላሉ። ማቅለሽለሽን ለመከላከል የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ (ብዙዎች ፕላሲል የሚሉት) በተለይ በወጣቶች ላይ መቀመጥ እስኪያቅት ድረስ የሚያቁነጠንጥ ስሜት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህም ጭንቀት ይመስላል። የደም ማነስና፣ አንገት አካባቢ ጨረር በወሰዱ ሰዎች ላይ የሚታየው የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም ድባቴ ይመስላሉ፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። ስለዚህ ለውጥ ሲያዩ መድኃኒቱን በራስዎ ሳያቋርጡ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ድባቴ መሆኑን እንዴት ያውቃሉ?

ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና የእንቅልፍ መዛባት ከኬሞቴራፒም ሊመጡ ስለሚችሉ በእነሱ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ይበልጥ የሚያመለክተው ድሮ ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ሲያስጠላው፣ “ሸክም ሆንኩባችሁ” ሲል፣ ጠያቂ አላስገባም ሲል፣ ሕክምናውን መቅረት ሲጀምር ነው። ይህ በአብዛኛው ቀን፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ ለካንሰር ሐኪሙ ይንገሩና ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም እንዲልኩት ይጠይቁ።

የንግግር ሕክምና ይረዳል፤ አስፈላጊ ሲሆን የድባቴ መድኃኒት ይጨመራል። መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሐኪም የካንሰሩን መድኃኒቶች ማወቅ አለበት። ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን የታሞክሲፈንን ሥራ ሊያዳክሙ ይችላሉ። ከዘመድ የተረፈ የእንቅልፍ ክኒን አይስጡ። ጸሎቱም ጸበሉም ለብዙዎች ብርታት ነው፤ ነጭ የደም ሴል በሚወርድበት ጊዜ ግን ያልፈላ ውኃ መጠጣትና መጾም ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድመው ሐኪሙን ያማክሩ።

መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ ወይም ከጠረጠሩ በቀጥታ ይጠይቁት፦ “ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?” መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። አዎ ካለ ብቻውን አይተውት፣ መድኃኒቶቹን ከአጠገቡ ያርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ

ቤተሰብ ምስጋና ሲያደርስ ወጣቱ ሊከፋው ይችላል። በሕክምናው ወራት ጉልበቱን ሁሉ የወሰደው መታገሉ ነበር፤ የሆነውን ማሰብ የሚጀምረው ሲያርፍ ነው። በየጊዜው ያዩት የነበሩት ነርሶች የሉም፣ ጠያቂም ቀንሷል፣ ሰው ሁሉ “ድነሃል” ይለዋል።

ታማሚው እርስዎ ከነበሩ ትንሽ ራስ ምታት ሲሰማዎት “ተመለሰብኝ” ብለው መደንገጥዎ፣ የክትትል ቀጠሮ ሲቃረብ እንቅልፍ ማጣትዎ የተለመደ ነው። የትኛው ምልክት ቶሎ መታየት እንዳለበት፣ የትኛው ሊጠበቅ እንደሚችል ሐኪምዎን ጠይቀው በወረቀት ይያዙ፤ ፍርሃቱ ባይጠፋም ልክ ይኖረዋል። አብሮዎት የተኛ ጓደኛ ሞቶ እርስዎ መትረፍዎ ቢከብድዎትም ይህ ስሜት በብዙዎች ላይ ይደርሳል፤ አውጥተው ይናገሩት።

ጭንቅላታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ፣ ወይም በጀርባ በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ ኬሞ የተሰጣቸው ተማሪዎች ትኩረታቸው ሊቀንስ፣ ሊረሱ፣ ሊዘገዩ ይችላሉ። ስንፍና አይደለም። የሆስፒታል ማስረጃ ለትምህርት ቤቱ ይስጡ፤ ተጨማሪ የፈተና ጊዜ እንዲፈቀድለት ይጠይቁ። መጀመሪያ በግማሽ ቀን መመለስም ይቻላል።

በቤት ውስጥ የማይነሳው ጥያቄ ጋብቻና መውለድ ነው። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶችና ዳሌ አካባቢ የሚሰጥ ጨረር መውለድን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ሁሉም ግን አይጎዱም። ስለዚህ “መውለድ አልችልም” ብለው ሳይመረመሩ አይደምድሙ። ሕክምናው ገና ካልተጀመረ አሁኑኑ ይጠይቁ። ወላጆች ለዚህ ጥያቄ ከክፍሉ ወጣ ቢሉ ወጣቱ በነፃነት ይናገራል።

እርዳታ የሚገኝበት

በኢትዮጵያ መነሻው የሚታከሙበት የካንሰር ክፍል ነው። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በሌሎች ከተሞች ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ክፍል ይጠይቁ። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲና፣ ካንሰር የታመሙ ልጆችን ቤተሰቦች የሚደግፈው ተስፋ አዲስ የወላጆች ማኅበር በዚሁ መንገድ ካለፉ ሰዎች ጋር ሊያገናኙዎት ይችላሉ። ለእናት ከሌላ እናት ጋር መነጋገሩ ብቻውን ትልቅ እርዳታ ነው።

በውጭ አገር የምትኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ የሚችለው ልጁ ስለሆነ የራሱን ክፉ ወሬ ለወላጆቹ እንዲያስተረጉም ይደረጋል። ይህን አይፍቀዱ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት 988 ሲደውሉም የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ።