አራቱ ጳጳሳት

ሐምሌ 22 በመጣ ቁጥር ስለ አቡነ ጴጥሮስ የምንናገረው አንድ ነው፤ ፋሽስት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ገደላቸው፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዘቱ። እኔ ግን ዘወትር የማስበው አብረዋቸው ስለ ተሾሙት አባቶች ነው።

በ1921 ዓ.ም. አብርሃም፣ ጴጥሮስ፣ ሚካኤልና ይስሐቅ የተባሉ አራት ኢትዮጵያውያን ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጵጵስናን ተቀበሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት ከግብፅ ጳጳስ ስትለምን ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ይህ ታላቅ ቀን ነበር። ስምንት ዓመት ሳይሞላ አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል በጠላት ጥይት ወደቁ። አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. በጣልያን ፈቃድ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። አንድ ሃይማኖት፣ አንድ አንብሮተ እድ! (ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ከየካቲት 12 እና ከደብረ ሊባኖሱ እልቂት በኋላ ፍርሃቱ ቀላል አልነበረም።)

መስዋዕትነት አንድነትን ወልዶ ሳይሆን መለያየቱን ገልጦ አለፈ። ከ1984 ዓ.ም. በኋላም ሲኖዶሱ በአገር ቤትና በስደት ሲከፈል ሁለቱም ወገን የአቡነ ጴጥሮስን ሰማዕትነት ያከብር ነበር፤ በቅዳሴው ግን አንዱ የሌላውን ፓትርያርክ ስም አይጠራም። እርቁ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከወረደ በኋላ ነው የአቡነ መርቆሬዎስና የአቡነ ማትያስ ስም በአንድ ቅዳሴ አብሮ የተጠራው።