ድልድይ ያጣው የስተርሊንግ ጦርነት

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1297 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የእንግሊዝ ጦር በስኮትላንድ፣ ስተርሊንግ አጠገብ የፎርዝን ወንዝ ለመሻገር ተነሣ። ድልድዩ ከእንጨት የተሠራ፣ ከሁለት ፈረሰኛ በላይ ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ነበር። ከእንግሊዞቹ ጋር የተሰለፈው ስኮትላንዳዊው ባላባት ሪቻርድ ለንዲ ከዚያ ሌላ ስድሳ ፈረሰኛ በአንዴ የሚያሻግር መልካ እንዳለ ቢነግራቸውም አልሰሙትም። የንጉሡ ገንዘብ ያዥ ክሬሲንግሃም ወጪ ስለበዛበት ጦርነቱ ቶሎ እንዲያልቅ ይቸኩል ነበር።

በእንግሊዝ ላይ ያመፁት የስኮትላንዶች መሪዎች ዊልያም ዋላስና አንድሩ ሞሬይ ሠራዊታቸውን አቢ ክሬግ በተባለው ኮረብታ ላይ አስፍረው ይጠብቃሉ። ጠላት እየተሻገረ እያዩ አልወረዱም። ልንመታው የምንችለውን ያህል ተሻግሯል ብለው ሲያምኑ ግን ወርደው የድልድዩን አፍ ያዙ። የተሻገረው መመለሻ አጣ፤ ማዶ የቀረው ሊደርስለት አልቻለም። ወንዙ በዞረው ረግረግ መሬት ላይ ፈረሰኛው መፈናፈኛ አልነበረውም። ክሬሲንግሃምም እዚያው ወደቀ።

ሜል ጊብሰን በ1995 ባዘጋጀውና ዋላስን ሆኖ በተወነበት «ብሬቭሃርት» ፊልም ላይ ይህ ጦርነት አለ፤ ድልድዩ ግን የለም። ወንዙም የለም። ሁለት ሠራዊት በሰፊ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት ይጋጠማል። ሜዳው አየርላንድ ውስጥ ያለው ከራህ ነው።

ፊልም ያለ ስህተት አይሠራም። በ1959 የወጣው የአልፍሬድ ሂችኮክ «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ሽጉጥ ገና ሳይተኮስ ጆሮውን ይደፍናል። በ«ግላዲያተር» (2000) የሮማውያን ሠረገላ ሲገለበጥ ከሥሩ የጋዝ ሲሊንደር ይታያል። ባለሙያዎቹ ኮንቲኒዩቲ የሚሉትም፣ በአንዱ ቀረጻ ጎድሎ የታየ ብርጭቆ በቀጣዩ ሞልቶ እንዳይገኝ መጠበቅ፣ አድካሚ ሥራ ነው። እነዚህን ስህተቶች ማንም አስቦ አላደረጋቸውም፤ ስለዚህ ይቅር ማለት አይከብድም። ድልድዩን ማስቀረት ግን ሰው ወስኖ ያደረገው ነው።

በፊልሙ ሌላም አለ። ተዋጊዎቹ የለበሱት ኪልት የተባለው ጉርድ ቀሚስ የመጣው ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከዋላስ ፀነሰች የተባለችው ፈረንሳዊቷ ልዕልት ኢዛቤላ እሱ በ1305 ለንደን ላይ ሲገደል ዕድሜዋ ከአሥር ዓመት ብዙም ያልዘለለ፣ ገና ፈረንሳይ ያለች ልጅ ነበረች፤ ወደ እንግሊዝ የተዳረችው በ1308 ነው። ጥፋቱ ሁሉ የጊብሰን አይደለም። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ራንዳል ዋላስ የተመራበት ዓይነ ስውሩ ሃሪ በ15ኛው መቶ ዘመን የደረሰው ረጅም ግጥም ነው፤ ተረትና ታሪክ ተቀላቅሎ የመጣው ከዚያው ነው።

የልብሱንም የልዕልቷንም ነገር እተወዋለሁ። ድልድዩን መተው ግን አልችልም፤ የስኮትላንዶቹ ብልሃት ያለው እዚያ ላይ ነውና። ትንሹ ጦር ትልቁን ያሸነፈው ቦታ መርጦ፣ ትዕግሥት አድርጎ፣ ሰዓቱን ቆጥሮ ነው። ድልድዩ ሲወጣ የሚቀረው ጩኸትና ጀግንነት ብቻ ነው፤ ተመልካቹም ያሸነፉት ደፋር ስለነበሩ ብቻ ይመስለዋል። ማሰባቸውን መንጠቅ ትልቅ በደል ነው።

ከድልድዩ ጋር ሞሬይም ከፊልሙ ወጥቷል። በሰሜኑ አመፁን የመራው፣ በስተርሊንግም እኩል አዛዥ የነበረው እሱ ነው፤ በዚያ ውጊያ በደረሰበት ቁስል እንደሞተ ይታመናል። ከድሉ አንድ ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 11 ቀን፣ ስኮትላንድ ከእንግሊዝ እጅ እንደወጣችና ወደቦቿ ለነጋዴዎች ክፍት እንደሆኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ለጀርመኖቹ ከተሞች ለሊዩቤክና ለሐምቡርግ ተጻፈ። ደብዳቤው የወጣው በሁለቱ የጦር መሪዎች ስም ሲሆን፣ የሞሬይ ስም ከዋላስ ስም ቀድሞ ተቀምጧል።