ከፉለርተን እስከ ሃንዌል፦ የጊታርና የቤዝ አምፕሊፋየሮች የመወራረስ ታሪክ

የኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክ ሲጻፍ ትኩረቱ ብዙውን ጊዜ በመሣሪያው ቅርጽና በተጫዋቹ ችሎታ ላይ ስለሚያርፍ፣ የክሩ ንዝረት ለአድማጭ ጆሮ የሚበቃበት አምፕሊፋየር ተገቢውን ስፍራ ሳያገኝ ቆይቷል። ከክሮቹ ሥር የተገጠመው ማግኔትና በዙሪያው የተጠቀለለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ንዝረቱን ወደ እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጠዋል፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ይህን ሞገድ በሁለት እርከን ያጎላዋል፤ የመጀመሪያው እርከን የድምፁን መልክ ሲያበጅ ሁለተኛው ስፒከሩን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ጉልበት ይሰጠዋል። ድምፁ በዚህ መንገድ ሲያልፍ እንደገባ አይወጣም፤ አንድ ጊታር በሁለት የተለያዩ አምፕሊፋየሮች ሲሰማ ሁለት መሣሪያ እስኪመስል ድረስ ይለወጣል። ስለሆነም ሙዚቀኞች አምፕሊፋየሮችን እየተዋዋሱና እያወዳደሩ የሰጡት ብይን በዘርፉ ታሪክ ውስጥ ከመሐንዲሶች ሥራ የማያንስ ድርሻ አለው፤ ይህንንም ቤዝማን የተባለው የአሜሪካ አምፕሊፋየር ያለፈበት መንገድ በግልጽ ያሳያል።

ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተው በ1938 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)፣ የአካባቢው ሙዚቀኞች የተበላሹ አምፕሊፋየሮቻቸውን ወደዚያው ይወስዱ ነበር። ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር፤ በዚህም ምክንያት የሠራቸውን የሙከራ ናሙናዎች ካንትሪና ዌስተርን ስዊንግ ለሚጫወቱ የአካባቢው ሙዚቀኞች እያዋሰ፣ በምሽት ክበብና በጭፈራ አዳራሽ ተጫውተውባቸው ሲመለሱ የሚሰጡትን አስተያየት እየሰማ ያሻሽላቸው ነበር። ይህ አሠራር ሊናቅ አይገባም፤ የፌንደር ዕቃዎች ለረጅም ጊዜ በሙዚቀኞች ዘንድ ተወዳጅ ሆነው የቆዩት ፈጣሪያቸው በራሱ ጆሮ ብቻ ስላልተማመነ ጭምር ነው።

ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ አቀረበ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ የዝቅተኛውን ድምፅ ድርሻ ይዞ የቆየው ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ የእንጨት ቤዝ ሲሆን፣ ይህ መሣሪያ ለማጓጓዝ የማይመች ከመሆኑም በላይ በነሐስ መሣሪያዎችና በከበሮ መካከል ድምፁ ይዋጥ ነበር። ዝቅተኛ ድምፅ ብዙ አየር ማንቀሳቀስ የሚጠይቅ በመሆኑ ለጊታር የተሠራ ትንሽ ስፒከር አይበቃውም፤ ስለዚህ ፌንደር በ1952 ባለ 15 ኢንች አንድ ስፒከር ያለውን የመጀመሪያውን ቤዝማን ለቤዝ ተጫዋቾች አዘጋጀ። በ1954 መገባደጃና በ1955 መባቻ ላይ ደግሞ አንዱ ትልቅ ስፒከር ቀርቶ እያንዳንዳቸው 10 ኢንች የሆኑ አራት ስፒከሮች ተተኩበት። ለውጡ የታሰበው ለቤዝ ቢሆንም ጥቅሙን ቀድመው የተረዱት ጊታሪስቶች ነበሩ።

ምክንያቱን ለመረዳት የቫልቭን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቫልቭ አየር ከወጣለት የብርጭቆ ቱቦ የሚሠራና ደካማውን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያጎላ ክፍል ሲሆን፣ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሞገዱን ጫፍና ሥር ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል፤ ጆሮ ይህን የሚሰማው እንደ መሻከር ነው። መሻከር ለሬዲዮ ጠጋኝ ብልሽት ነው፤ ለጊታሪስት ግን የተመታው ኖታ ቶሎ ሳይጠፋ እንዲዘገይና የሰው ጉሮሮ የመሰለ ለዛ እንዲይዝ የሚያደርግ ሀብት ሆነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ቤዝማን የቤዝን፣ የመካከለኛውንና የቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ማስተካከያ ቁልፎች ስለነበሩትና ከ40 ዋት በላይ ጉልበት ስለሚሰጥ፣ ድምፁ ሲቀነስ ጥርት ብሎ፣ ሲጨመር ደግሞ ሻክሮ ይወጣ ነበር። የቺካጎው የብሉዝ ጊታሪስት በዲ ጋይ ስሙ ከዚሁ አምፕሊፋየር ጋር አብሮ ይነሣል።

በብሪታንያ የነበረው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። መንግሥት ከአሜሪካ በሚገቡ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላይ የጣለው ገደብ እስከ 1959 ስለቆየ፣ ወጣት ሙዚቀኞች የአሜሪካኑን ድምፅ የሚያውቁት በሸክላ ብቻ ነበር። በዳርትፎርድ የሚገኘው የቶም ጄኒንግስ ኩባንያ በዲክ ዴኒ ንድፍ የሠራቸው ቮክስ የተባሉት አምፕሊፋየሮች ክፍተቱን በከፊል ሞልተው ሻዶውስና ኋላም ቢትልስ ተጠቀሙባቸው። ገደቡ ከተነሣ በኋላ የፌንደር ዕቃዎች ለንደን ቢደርሱም ዋጋቸው ለአብዛኛው ተጫዋች የሚቀመስ አልነበረም።

ጂም ማርሻል በ1960 በምዕራብ ለንደን በሃንዌል የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ የከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። ማርሻል ድራም ተጫዋችና የድራም መምህር ስለነበረ በመጀመሪያ ወደ ሱቁ የሚመጡት ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ደግሞ የባንድ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ይመጡ ጀመር። ከእነዚህ መካከል ፒት ታውንሰንድ፣ ሪቺ ብላክሞርና ቢግ ጂም ሰሊቫን የተባሉት ጊታሪስቶች የሚፈልጉት ድምፅ በገበያው ላይ እንደሌለ ደጋግመው ነገሩት። ማርሻል የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ባለመሆኑ ሥራውን ለሱቁ ጠጋኝ ለኬን ብራንና ገና ወጣት ለነበረው ለደድሊ ክሬቨን ሰጠ፤ እነሱም የፌንደር ቤዝማንን ንድፍ መነሻ አድርገው በ1962 ናሙናዎችን መሥራት ጀመሩ። ማርሻል ራሱ ኋላ ላይ እንዳወሳው፣ ይፈለግ የነበረው ድምፅ የተገኘው ከስድስተኛው ናሙና ነው። አምፕሊፋየሩም በጂምና በልጁ በቴሪ ማርሻል ስም መነሻ ፊደላት ጄቲኤም 45 ተባለ።

ንድፉ ከቤዝማን የተቀዳ ሆኖ ሳለ ድምፁ ለምን ተለየ የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በዕቃ አቅርቦት ላይ ነው። የአሜሪካ ትራንስፎርመርና ስፒከር ለንደን ውስጥ በቀላሉ ስለማይገኝ ሠሪዎቹ በእጃቸው ያለውን የእንግሊዝ ዕቃ ተጠቀሙ፤ በመጀመሪያው የማጉሊያ እርከን ላይ ከአሜሪካኑ ይበልጥ የሚያጎላ ቫልቭ አስገቡ፤ ጀርባው ክፍት በሆነው የፌንደር ሳጥን ፈንታም ጀርባው የተዘጋ ሳጥን ሠርተው ሴለስትዮን የተባለው ኩባንያ የሚያመርታቸውን አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች ገጠሙበት። በዚህም ድምፁ ቶሎ የሚሻክር፣ በመካከለኛው ክፍል የወፈረና ወደ ፊት የሚገፋ ሆነ። ይህን በመቅዳት ብቻ የተገኘ ሥራ አድርጎ ማቅለል ተገቢ አይደለም፤ እያንዳንዱ ናሙና በተጫዋቾች ጆሮ ተመዝኖ እስኪጸድቅ ድረስ ተጥሏል፣ እንደገናም ተሠርቷል፤ ከሠሪዎቹ እውቀት ባልተናነሰ የዳኞቹ ግትርነት ውጤቱን ወስኖታል።

ማወዳደሩ ወደ ፉክክር የተሸጋገረው ዘ ሁ በተባለው ባንድ ውስጥ ነው። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጆን ኤንትዊስል የማርሻልን ባለ አራት ስፒከር ሳጥን ሲገዛ ጊታሪስቱ ታውንሰንድ ድምፁ ተዋጠበት፤ ስለዚህ እሱም ገዛ፤ ኤንትዊስልም በምላሹ ሁለተኛ ጨመረ። ሁለቱ በዚህ መንገድ እየተሽቀዳደሙ በ1965 ታውንሰንድ ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየርና ስምንት ስፒከሮችን በአንድ ላይ የያዘ ሳጥን እንዲሠራለት ጠየቀ። ሳጥኑ ግን ዕቃ ጫኞቹ ሊሸከሙት የማይችሉት ሆኖ በመገኘቱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በሌላው ላይ እንዲቆም ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ የሮክ መድረክ መለያ የሆነውና ስታክ የሚባለው የሳጥን ቁልል የተወለደው በዚህ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ የነበረው ባህል ከፉክክር ይልቅ ወደ መጋራት ያደላ ነበር። ራሱ ቤዝ ተጫዋች የነበረው ኤቨረት ኸል የመሠረተው አምፔግ የተባለው ኩባንያ በ1960 በጄስ ኦሊቨር የተነደፈውን ቢ-15 አወጣ፤ ይህ አምፕሊፋየር ከሥራ በኋላ ላይኛው ክፍሉ ተገልብጦ ወደ ሳጥኑ የሚገባ ነበር። የኒው ዮርክ ስቱዲዮዎች አንድ ቢ-15 በቋሚነት ያስቀምጡ ስለነበር፣ ለቀረጻ የሚመጣው ቤዝ ተጫዋች መሣሪያውን ብቻ ይዞ በመግባት ከእሱ በፊት ሌሎች በተጫወቱበት አምፕሊፋየር ይቀርጽ ነበር። የዘመኑ የቤዝ ድምፅ በብዙ ሸክላዎች ላይ የመቀራረቡ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኸል መሻከርን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር፤ እሱ ኩባንያውን ከለቀቀ በኋላ ግን አምፔግ በጊታሪስቶች የ100 ዋት ቁልል ፊት ድምፁ የጠፋበትን ቤዝ ተጫዋች ለመታደግ ኤስቪቲ የተባለውን ባለ 300 ዋት አምፕሊፋየር በ1969 አዘጋጀ። በዚያው ዓመት ሮሊንግ ስቶንስ አሜሪካን ለመዞር ሲነሡ ኩባንያው ገና ገበያ ላይ ያልዋሉትን ናሙናዎች አዋሳቸው፤ በጉዞው ላይም ከቤዝ ተጫዋቹ ሌላ ጊታሪስቶቹ ጭምር ተጫወቱባቸው፤ ቤዝማን ከ15 ዓመት ገደማ በፊት የሄደበት መንገድ እንዲህ ተደገመ።

ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው ሠሪዎቹና ተጫዋቾቹ በሕይወት ሳሉ ስለተጠየቁና ትዝታቸው በጽሑፍ ስለሰፈረ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሆቴሎችና ክበቦች የኤሌክትሪክ ጊታርና ቤዝ ይዘው የተነሡት ባንዶች ታሪክ ሲጻፍ ግን የድምፃውያንና የዜማ ደራስያን ስም ቀዳሚውን ስፍራ ይዟል። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ተመራማሪዎች በየመድረኩ የነበረው አምፕሊፋየር የትኛው እንደነበረ፣ ማን እንዳስመጣው፣ እነማን እንደተዋዋሱትና ሲበላሽ ማን እንደጠገነው፣ የዘመኑ ተጫዋቾችና ጠጋኞች ሳያልፉ ጠይቀው ሊመዘግቡ ይገባል።