ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን በመካነ ሰላም ደጋ



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት በዘመናችን በብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ስለሚወሳ አንድ ጉዳይ፥ ይኸውም ስለ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ግዢ ነው። ባልና ሚስት ደመወዛቸውን ሲያሰሉ፥ የዕቁቡን ዕጣ ሲጠባበቁ፥ ልጆችም የጎረቤቱን ቤት እየጠቀሱ ሲያጉረመርሙ፥ ነገሩ ዘወትር የሚጀመረው «ስንት ኢንች ይሁን?» በሚል ጥያቄ ነው። ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ አይደለም። መሣሪያው ከየት ተነሥቶ፥ በየትኛው በር አልፎና ለምን ጉዳይ ተብሎ ወደ አገራችን እንደ ገባ የተረዳ ሰው፥ ገንዘቡን የሚያወጣበትን ነገር ለይቶ ያውቃልና። ስለዚህ ነገሩን በቅርብ ለማየት ዐይናችንን ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ ወደ ቦረና ወረዳ ከተማ ወደ መካነ ሰላም እናቅና።

መካነ ሰላም ከደሴ ተነሥተው በአቀስታ በኩል የሚደርሱባት የደጋ ከተማ ናት። ወረዳውን በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ የዓባይ ሸለቆ ያዋስነዋል፤ ከሸለቆው ማዶ ያለው አገር ጎጃም ነው። እንዲህ ያለው አገር ለመንገድም፥ ለኤሌክትሪክ ሽቦም፥ በአየር ለሚጓዘው ሞገድም አይመችም፤ ተራራው ይጋርዳል፥ ገደሉም ይቆርጣል። በዚያው በደቡብ ወሎ ምድር፥ በመቅደላ፥ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት በመጣ ጊዜ፥ ከመሐንዲስ ወታደሮቹ መካከል ካሜራ የያዙ ነበሩና የአገሩን መልክ ፎቶግራፍ አነሡ። ፎቶግራፉ ግን ወደ ባሕር ማዶ ተወስዶ የሌላ አገር ሰው ተመለከተው። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን ይህ ደጋ በሌላው ዘንድ የሚታይ እንጂ እርሱ ራሱ ዓለምን በመሣሪያ የሚያይ አልነበረም።

የቴሌቪዥን ጥበብ በዓለም የታወቀው ከመቶ ዓመት ወዲህ ነው። ጆን ሎጊ ቤርድ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. ለንደን ላይ ለሳይንስ ሊቃውንት ያሳየው ሥዕል በ30 መስመር ብቻ የተሠራ ስለ ነበረ የሰው ፊት እንኳ በጭንቅ ይለይ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1936 ዓ.ም.፥ ቢቢሲ በለንደን ከአሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ ሥርጭት ሲጀምር፥ ከተፈተኑት ሁለት ዘዴዎች የተሻለው ሥዕሉን በ405 መስመር ይሠራ ነበር። ታዲያ በዚያ ዘመን ይህን «ከፍተኛ ጥራት ያለው ቴሌቪዥን» ብለው ጠሩት። እነሆ ዛሬ ነጋዴው በካርቶን ላይ የሚያሳየን ይህ ቃል ዕድሜው ከሰማንያ ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። ከፍተኛ የተባለው ሁሉ ከጊዜ በኋላ ዝቅተኛ ስለሚሆን፥ አስተዋይ ገዢ በቃሉ ብቻ አይማረክም።

በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ1928 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፥ ቴሌቪዥን የተከተለው በ1957 ዓ.ም. ነበር። ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሆኖ፥ ጥቁርና ነጭ የሆነው ሥዕል በመጀመሪያ የደረሰው ለዋና ከተማው ነዋሪዎች ነው። ሥዕሉ በ625 መስመር ይሠራ ነበርና ከ1936ቱ የእንግሊዞች «ከፍተኛ ጥራት» ይበልጥ ነበር፤ ሆኖም ይህን ስም የሰጠው ማንም አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ለትምህርት ቤቶች የታሰበ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጨመረ። የቀለም ሥርጭት ደግሞ በ1976 ዓ.ም. መጨረሻ፥ ከአብዮቱ 10ኛ ዓመትና ከኢሠፓ ምሥረታ በዓል ጋር ተያይዞ መጣ። ይሁን እንጂ በማስተላለፊያ ምሰሶ የሚጓዘው ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ፥ በተራራና በሸለቆ የተከፋፈለ አገር ከከተማው ይልቅ ብዙ ቈይቶ መጠበቅ ነበረበት።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር የታሪካችን ዋና ክፍል ነው። ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ በተከፈተበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘርና ጂን ስሎቶው የተባሉ መምህራን ከተማሪያቸው ከሮበርት ዊልሰን ጋር ሆነው አንድ አዲስ መስተዋት ሠሩ። በሁለት መስተዋቶች መካከል ጥቃቅን የጋዝ ክፍሎችን አድርገው፥ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው እንዲያበሩ አደረጉ። ይህ መሣሪያ ፕላዝማ ተባለ። የተሠራውም ለቤት መዝናኛ አልነበረም፤ «ፕላቶ» ለሚባለው በኮምፒዩተር ለማስተማር ለታቀደው ሥራ ነበር እንጂ። ስለዚህ የጠፍጣፋው ቴሌቪዥን የመጀመሪያ አገልግሎት ትምህርት ነበር ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

በእኛም አገር ነገሩ በሚያስደንቅ አኳኋን በዚያው በር ገባ። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር በመላ አገሪቱ ወደሚገኙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ማድረስ ጀመረ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ሒሳብን፥ ፊዚክስን፥ ኬሚስትሪን፥ ባዮሎጂንና ሌላውንም ትምህርት በደቡብ አፍሪካ ከተዘጋጀ ፊልም ላይ በእንግሊዝኛ እንዲከታተሉ ሲባል፥ በሺህ የሚቈጠሩ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በአንድ የገጠር ወረዳ ከተማ የሚማር ልጅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ብዙውን ጊዜ በቤቱ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ነው። ከዚህም የተነሣ «ፕላዝማ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ገብቶ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ፕላዝማ መሥራት አቁመው ሳለ እንኳ፥ ዛሬ ሱቅ ገብተን «ፕላዝማ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። የሚሰጡን ግን ፕላዝማ ሳይሆን ኤል ሲ ዲ የሚባለው፥ ከበስተጀርባው በኤል ኢ ዲ መብራት የሚበራ መስተዋት ነው።

የዚህ የፕላዝማ ትምህርት አሳብ መልካም ነበር፤ የደጋውም የቆላውም ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር እኩል ትምህርት እንዲያገኝ፥ የሠለጠነ መምህር በጠፋበት ስፍራም ጉድለቱ እንዲሟላ ነበርና። ነገር ግን ሥራው ሲጀመር ችግሩ ተገለጠ። ትምህርቱ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ሰዓት ይወስድ ስለ ነበረ፥ በክፍሉ ያለው መምህር ጥቂት ደቂቃ ለመግቢያና ለማጠቃለያ ብቻ ይቀረው ነበር። በመስተዋቱ ላይ ያለው አስተማሪ በፍጥነት ሲናገር ተማሪው «እባክዎ ይድገሙልን» ሊለው አይችልም። ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜም ሥርጭቱ የተቋረጠበትን ክፍል ሳይጠብቅ ያልፋል። የተከበሩ የትምህርት አጥኚዎችም ይህን ጉድለት በጊዜው ጽፈውታል። እንግዲህ ሥዕሉ የጠራ ሆኖ ሳለ ነገሩ ሳይጠራ የቀረው ለምን ነበር? መስተዋቱ ስለ ከፋ አልነበረም፤ መስተዋቱ የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ብቻ ሆኖ ሳለ፥ የቀሩት ቀለበቶች፥ ይኸውም ኤሌክትሪኩ፥ ቋንቋውና ይልቁንም መምህሩ፥ እኩል ስላልተጠናከሩ ነው።

ይህ ታሪክ ዛሬ ቴሌቪዥን ለቤቱ ለሚገዛው የመንግሥት ሠራተኛ ትልቅ ትምህርት ነው። የቤቱም ሰንሰለት ከትምህርት ቤቱ የተለየ አይደለምና፥ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እንመርምር።

የመጀመሪያው ቀለበት ሳሕኑ፥ ወይም ሁላችንም እንደምንለው ዲሹ ነው። ቀድሞ አብዛኛው የአገራችን ዲሽ ናይልሳት የተባለውን ሳተላይት ይመለከት ስለ ነበር፥ በመካነ ሰላም ቢሆን ፊቱን ወደ ምዕራብ፥ ወደ ዓባይና ወደ ጎጃም አቅጣጫ አዙሮ ይቆም ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ባለው ሳተላይት ሲጀመርና ብዙዎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደዚያ ሲዛወሩ፥ የየጣራው ዲሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ቀና አለ። ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ስለሆነ፥ ዓባይን ለመሻገር የሚቸገረውን ሞገድ ያስቸገረው ተራራ እርሱን አያግደውም። በዚህ ረገድ የደጋው ሰው ከከተማው ሰው ጋር እኩል ሆነ። ነገር ግን ዲሹ በጥቂት ጣት እንኳ ቢዘነበል ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ይሆናል፤ ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ አስቀድሞ ለዲሹ ጥሩ ባለሙያ መፈለግ ይገባል።

ሁለተኛው ቀለበት ሪሲቨሩና ገመዱ ነው። የቀድሞው መደበኛ ዲጂታል ሥዕል በወርድ 720፥ በቁመት 576 ነጥቦች ሲኖሩት፥ ድምሩ 414,720 ነጥብ ይሆናል። ሙሉ ኤች ዲ የሚባለው ግን በወርድ 1,920፥ በቁመት 1,080 ሆኖ 2,073,600 ነጥብ አለው፤ ይኸውም ልክ አምስት እጥፍ ነው። ፎር ኬ የሚባለው ደግሞ ከዚህም አራት እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም አዲሱን ቴሌቪዥን ገዝቶ ከአሮጌ ሪሲቨር ጋር በቢጫ፥ በቀይና በነጭ ገመድ ያገናኘ ሰው፥ የአምስት እጥፉን ዋጋ ከፍሎ አንዱን እጅ ብቻ ያያል። ለኤች ዲ ሥዕል ኤች ዲ የሚቀበል ሪሲቨርና ኤች ዲ ኤም አይ የሚባለው ገመድ ያስፈልጋሉ። ጣቢያው ራሱ በመደበኛ ጥራት የሚያሠራጭ ከሆነም፥ ቴሌቪዥኑ ያልተላከለትን ጥራት ከራሱ አውጥቶ ሊሰጥ አይችልም።

ሦስተኛው ቀለበት የሰው ዐይን ነው። የጤናማ ሰው ዐይን ጥቃቅን ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው እስከ ተወሰነ ርቀት ብቻ ነው። በ43 ኢንች ሙሉ ኤች ዲ ቴሌቪዥን ላይ ይህ ርቀት ወደ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሶፋው በ3 ሜትር ርቀት ለተቀመጠበት ሳሎን፥ በዚሁ መጠን ፎር ኬ መግዛት ዐይን ለማይለየው ነገር ገንዘብ ማውጣት ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት የሳሎኑን ርቀት በሜትር መለካት ብዙ ብር ያድናል።

አራተኛው ቀለበት ኤሌክትሪኩ ነው። በወረዳ ከተሞች ኤሌክትሪክ እየጠፋ ሲመለስ ኃይሉ ከመጠን በላይ ሊሆን ስለሚችል፥ ረቂቅ የሆነውን መሣሪያ ሊያቃጥለው ይችላል። ለቴሌቪዥን ብዙ ሺህ ብር አውጥቶ ለስታቢላይዘር የሚሳሳ ሰው፥ ቤት ሠርቶ በር እንዳልገጠመ ሰው ነው። ይህ ጥንቃቄ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗልና። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አንዴ ቢቃጠል በደመወዝ ለሚተዳደር ሰው መተኪያው ቀላል አይደለም።

የመጨረሻው ቀለበት ግን በሱቅ አይሸጥም። ይኸውም በቤቱ ውስጥ የሚታየውን የሚመርጥ፥ ያልገባውን የሚያስረዳ፥ በቃ ሲባልም የሚዘጋ ሰው ነው። በትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የጎደለው የመምህሩ ድርሻ እንደ ነበረ አይተናል። በቤትም አባትና እናት ሥራቸውን ለመስተዋቱ ከተዉለት፥ ልጁ የሚያየውን ሁሉ ያለ ጠያቂና ያለ መላሽ ይቀበላል። ዜናውን አብረው አይተው «ይህ እውነት ይመስልሃል ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ወላጆች ያሉበት ቤት ግን፥ ቴሌቪዥኑ 32 ኢንች ቢሆንም ትምህርት ቤት ይሆናል። ደግሞም ቴሌቪዥን ብርቅ በነበረበት ዘመን ጎረቤት ከጎረቤት በአንድ መስተዋት ፊት ተሰብስቦ ያይ፥ ያየውንም ይከራከርበት ነበር። ዛሬ መስተዋቱ በየቤቱ ሲበዛ ያ ክርክርና ያ ጉርብትና እንዳይጠፋ ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይስማማል። ጥምጥሙ ክፉ ስለ ሆነ አልነበረም እንዲህ ያሉት፤ ከትምህርት በኋላ ሲመጣ ክብር እንደሚሆን ስለሚያውቁ ነው እንጂ። እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ቴሌቪዥን መግዛትን አልነቅፍም። ከመካነ ሰላም ደጋ ላይ ሆኖ የዓለምን ነገር በዐይን ማየት፥ ቀድሞ በሌላው ካሜራ ብቻ ይታይ ለነበረ አገር ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ገንዘባችሁን ስትቈጥሩ ለዲሹም፥ ለሪሲቨሩም፥ ለስታቢላይዘሩም ከፍላችሁ አስቀምጡ፤ ርቀታችሁን ለኩ፤ ከሁሉም በላይ ከመስተዋቱ ፊት ከልጆቻችሁ ጋር የምትቀመጡበትን ሰዓት ከወዲሁ ወስኑ። «ስንት ኢንች ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ቢመጣ መልሱ ቀላል ይሆናል።

በሚመጣው ሳምንት ደኅና ያገናኘን።